ሬስሊንግ ሁለተኛ ካምፓኒ ያስፈልገዋል (ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ግቡ)

ስታነር_ከሸገር

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን እዚህ ቤት ክርክሩ ሁሉ "ኤ ኢ ደብሊው ይዘጋል ወይስ አይዘጋም" ሆኗል። ግማሹ ሰው ቢዘጋ ድግስ የሚደግስ ይመስላል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የትልቁ ሬስሊንግ ካምፓኒ፣ የደብሊው ደብሊው ኢ ደጋፊ ነኝ። ተቀናቃኙ ኤ ኢ ደብሊው እንዲዘጋ ግን ፈጽሞ አልፈልግም። ምክንያቴን ላስረዳ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው፣ እንዳትጨቀጭቁኝ።

የምንወዳቸውን ኮከቦች አንድ በአንድ አስቧቸው። አብዛኞቹ አንዱ ካምፓኒ "አትረባም" ብሎ የሸኛቸው፣ ሌላው ጋ ሄደው የነገሡ ናቸው።

ስቲቭ ኦስቲን 1995 ላይ ያኔ ዋናው ተቀናቃኝ በነበረው ደብሊው ሲ ደብሊው ውስጥ ነበር። ክንዱ ተጎድቶ ቤቱ በተቀመጠበት አለቃው ኤሪክ ቢሾፍ አሰናበተው። ለገበያ አይሆንም ተባለ። ፖል ሄይማን ራሱ በሚመራት ትንሽ ካምፓኒ፣ ኢ ሲ ደብሊው ውስጥ ማይክ አስጨበጠው፣ እሱም የሆዱን ዘረገፈው። ከዚያ የደብሊው ደብሊው ኢ የያኔ ባለቤት ቪንስ ማክማን ወሰደው። መጀመሪያ ላይ "ሪንግማስተር" የሚል ቀሽም ስም ነበር የሰጡት። ጁን 1996 ኪንግ ኦፍ ዘ ሪንግን አሸንፎ ያቺን "ኦስቲን 3፡16" የምትለዋን ንግግር ሲያሰማ ግን ነገሩ ተቀየረ። ቲሸርቷ ዛሬም ትሸጣለች።

በዚያው ዓመት ስኮት ሆልና ኬቪን ናሽ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዱ። ከቪንስ ቤት ወጥተው ቴድ ተርነር ካምፓኒ፣ ደብሊው ሲ ደብሊው ገቡ። ለምን? ዋስትና ያለው ደመወዝ ስለሰጣቸው። ቪንስ ጋ ገቢህ በትኬት ሽያጩና በምትታይበት ቦታ ይወሰን ነበር። ከነሱ በኋላ ቪንስም ለትልልቆቹ ቁርጥ ክፍያ ለመስጠት ተገደደ። ወዶ አይደለም!

ጁላይ 7፣ 1996 ደግሞ ሐልክ ሆገን፣ የሕፃናት ሁሉ አክተር የነበረው ሰውዬ፣ ወንበዴ ሆነ። ሕዝቡ በንዴት ሪንጉን በቆሻሻ ሞላው። በዚያ ሰሞን የደብሊው ሲ ደብሊው ፕሮግራም ናይትሮ የቪንስን ፕሮግራም ሩን ለ83 ተከታታይ ሳምንት በተመልካች በለጠ። ቪንስ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ሮክ፣ ማንካይንድ፣ ዲ ጀነሬሽን ኤክስ፣ ኦስቲን አለቃውን የሚደበድብበት ታሪክ፤ ሁሉም የጭንቅ ልጆች ናቸው። የተደላደለ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር አይፈጥርም።

ጃንዋሪ 4፣ 1999ን የማታውቁ ካላችሁ ደግሞ ይቺን ስሙ። የዚያን ቀን ሩ ቀድሞ የተቀረጸ ነበር። ናይትሮ ላይ ኮሜንታተሩ ቶኒ ሺያቮኒ ከላይ ታዝዞ፣ ሚክ ፎሊ (ማንካይንድ) በዚያ ምሽት ሩ ላይ የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ እንደሚወስድ ለሰው ተናገረና አሾፈበት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተመልካች ወዲያው ቻናል ቀይሮ ፎሊን ለማየት ሄደ። ራሳቸው ናቸው የላኩት።

ከዚያ ማርች 2001 መጣ። ቪንስ ደብሊው ሲ ደብሊውን በጥቂት ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ኢ ሲ ደብሊውም በዚያው ሰሞን ወደቀ። ከዚያ በኋላ ቲ ኤን ኤ የሚባል ካምፓኒ ሞክሯል፤ ግን አንገት ለአንገት አልደረሰም። ሬስለሩ ከቪንስ ጋር ከተጣላ የሚሄድበት ጠፋ።

አሁን ኮዲ ሮድስን እዩ። ፊቱን ቀብተው "ስታርደስት" ብለው ሲያጫውቱት ከርሞ 2016 ላይ ለቀቀ። ሴፕቴምበር 1፣ 2018 ያንግ በክስ ከሚባሉት ወንድማማቾች ጋር ሆኖ ቺካጎ አጠገብ ከ10 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ አዳራሽ በራሳቸው ስም ሞሉ። በዓመቱ መባቻ ኤ ኢ ደብሊው በቶኒ ካን ቤተሰብ ገንዘብ ተመሠረተ። ኮዲ 2022 ወደ ቀድሞ ቤቱ ሲመለስ በስሙ፣ በዘፈኑ፣ አንገቱ ላይ ባለው ንቅሳት ሳይቀር ራሱን ሆኖ ነው የገባው። ኤፕሪል 7፣ 2024 ፊላደልፊያ ላይ የሮማን ሬንስን 1,316 ቀን የሻምፒዮንነት ዘመን ዘጋው። ሁለተኛ ቤት ባይኖር ኮዲ ዛሬም ፊቱን እየቀባ ነበር።

በቃ ይሄው ነው ሐሳቤ። ግቡበት።

ነቄ_ነኝ

ሁሉም ፌክ ነው እኮ። ትልልቅ ሰዎች ሆናችሁ ኧረ!

የፒያሳው_ፋን

@ነቄ_ነኝ ጁን 5፣ 2022 ኮዲ ከሴት ሮሊንስ ጋር ያደረገውን ፈልገህ እይ። ልምምድ ላይ የደረቱ ጡንቻ ተበጥሶ ነበር። ጃኬቱን ሲያወልቅ ግማሽ ደረቱና ክንዱ ጠቁሯል፣ አዳራሹ ጸጥ አለ። እንደዚያ ሆኖ ከ20 ደቂቃ በላይ ታገለ። ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ ይወሰናል፣ ይሄን እዚህ ያለነው ሁላችንም እናውቃለን። አጥንት ግን ስክሪፕት አያነብም።

ወደ ዋናው ጉዳይ። ስታነር፣ አጻጻፍህ ተመችቶኛል፤ ግን ለኤ ኢ ደብሊው በጣም አዝነህለታል። ኦገስት 27፣ 2023 ዌምብሌይ ስታዲየምን ከ70 ሺህ በላይ ሰው ሞላላቸው። የሬስሊንግ ታሪክ ውስጥ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። እዚያው ቀን፣ እዚያው ስታዲየም፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሲ ኤም ፐንክና ጃክ ፔሪ ተደባደቡ። በሳምንቱ ፐንክ ተባረረ። ኖቬምበር 25 ቺካጎ ላይ ማን ቤት ታየ? ደብሊው ደብሊው ኢ! ትልቁን ኮከባቸውን በነፃ ለባላንጣ አስረከቡ። ዛሬ ሳምንታዊ ፕሮግራማቸውን ብዙ ጊዜ ትንንሽ አዳራሽ ውስጥ ነው የሚያቀርቡት። ቶኒ ካን ጥሩ ልጅ ነው፣ ሬስሊንግ ይወዳል፣ ግን አለቃ አይደለም። ሁሉንም ማስደሰት የሚፈልግ ሰው ካምፓኒ መምራት ይከብደዋል።

ጋሽ_ሆገን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ልጆች፣ ጥሩ ጨዋታ ነው የያዛችሁት። እኔ ይሄን ነገር ማየት የጀመርኩት አሜሪካ በገባሁበት በሰማንያዎቹ ነው። እንግሊዝኛው ባይገባኝም ሆገን ጆሮውን ይዞ ሕዝቡን ሲያዳምጥ ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባኝ ነበር።

ስታነር ስለ ደመወዝ ያነሳኸው ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ ያልፈዋል። እነዚህ ሰዎች በሕግ የካምፓኒው ሠራተኞች አይደሉም። በኮንትራት የሚሠሩ ግለሰቦች ናቸው። ሪንግ ውስጥ ሲጎዱ ካምፓኒው ያሳክማቸዋል። የጤና ኢንሹራንሳቸውን ግን ራሳቸው ናቸው የሚገዙት። መኪና ተከራይተው፣ አራት አምስት ሆነው ተጠጋግተው፣ ከከተማ ከተማ ሲነዱ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

1986 ላይ ጄሲ ቬንቱራ ማኅበር እናቋቁም ብሎ ጓደኞቹን ሰበሰበ። አዎ፣ በኋላ የሚኒሶታ ገዥ የሆነው። ወሬው በአንድ ቀን ቪንስ ጆሮ ደረሰ። ማን እንደነገረበት ለዓመታት አላወቀም። በኋላ ቬንቱራ በቪዲዮ ሽያጭ ድርሻው ጉዳይ ካምፓኒውን ሲከስ፣ ቪንስ በመሐላ ተጠይቆ "ሆገን ነው የነገረኝ" አለ። ቬንቱራ ክሱን አሸነፈ። ማኅበሩ ግን እስከ ዛሬ የለም።

ስሜን ከሆገን የወሰድኩ ሰው ነኝ፣ ታዲያ ይሄን ሳውቅ እንዴት እንደከፋኝ አትጠይቁኝ። ጃንዋሪ 2025 ሩ ኔትፍሊክስ ላይ ሲጀምር ሎስ አንጀለስ ላይ ብቅ ብሎ ሕዝቡ ጮኸበት። በዘረኛ ንግግሩ ያዘነበት ሰው ብዙ ነው። በጁላይ ሞተ። ነፍሱን ይማረው። ያ ሁሉ ሰው ያለሱ ሬስሊንግ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፣ ያም ሁሉ ሰው ተቀይሞት ሞተ።

ካሳንቺስ_ኬን

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። እርስዎ ካሉ በኋላ መናገር ይከብዳል፤ ግን ስታነርን አንድ ነገር ልጠይቀው።

ፉክክር ፉክክር ትላለህ። ያ የምታወድሰው ዘመን ሰው በልቷል። ጁን 28፣ 1998 አንደርቴከር ሚክ ፎሊን ከብረት ቤቱ ጣሪያ ላይ ወርውሮት ጠረጴዛ ላይ ተከሰከሰ። ሁላችንም እያጨበጨብን ነው ያየነው። ዓመት ሳይሞላ፣ ሜይ 23፣ 1999፣ ካንሳስ ሲቲ ላይ ኦወን ሃርት ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ሲወርድ ማሰሪያው ተፈታና ከ20 ሜትር በላይ ወደቀ። ሞተ። ፕሮግራሙ ቀጠለ! ሌሎቹ ገብተው እዚያው ሪንግ ላይ ታገሉ።

ይሄ የመጣው ከየት ይመስልሃል? ማታ ማታ በተመልካች ቁጥር መበላለጥ አለባቸው። ትናንት ከወረወርከው ከፍታ ዛሬ ከፍ ካላልክ ሰው ቻናል ይቀይራል። ጭንቅላት ላይ በብረት ወንበር መምታት የተከለከለው መቼ ነው? 2010 ላይ። ሬስለሩ ክሪስ ቤንዋ 2007 ላይ ሚስቱንና ልጁን ገድሎ ራሱን ካጠፋ በኋላ፣ ተቀናቃኝ በሌለበት ጊዜ። ስለዚህ ሞኖፖሊ ሁልጊዜ መጥፎ ነው የሚለውን አልቀበልም።

ስታነር_ከሸገር

ካሳንቺስ፣ ጥያቄህ ከባድ ነው፤ ጥሩ አድርገህ ነው ያመጣኸው።

ግን ለኦወን ሞት ተጠያቂው ፉክክሩ ነው ካልክ አልስማማም። ሰውን ደህንነቱ ባልተረጋገጠ ገመድ ጣሪያ ላይ የሰቀለው ካምፓኒው ነው። ባለቤቱ ማርታ ሃርት ከሳ 18 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏት ተስማምተዋል። ፕሮግራሙ ይቀጥል ያለውም አንድ ሰው ነው። ተቀናቃኝ ስላለህ ሬሳ ባለፈበት ሪንግ ላይ ሰው አታታግልም፤ ይሄ የባለቤቱ ልብ ጉዳይ ነው።

ደግሞ የኦወንን ወንድም አስታውስ። ብሬት ሃርት 1996 ደብሊው ሲ ደብሊው ትልቅ ብር ሲያቀርብለት ቪንስ የ20 ዓመት ኮንትራት ሰጥቶ አስቀረው። በዓመቱ "ልከፍልህ አልችልም፣ ሂድ" አለው። ከዚያ ኖቬምበር 9፣ 1997፣ ሞንትሪያል፣ የራሱ ሀገር ሕዝብ ፊት፣ ብሬት ሳይሸነፍ "ደወሉን ደውሉ" ተብሎ ቀበቶው ለሾን ማይክልስ ተሰጠ። ብሬት ቪንስ ፊት ላይ ተፋበት። መልበሻ ክፍል ውስጥ ደግሞ በቡጢ ጣለው። ይሄኛው ስክሪፕት ላይ አልነበረም። ግን አየህ፣ ብሬት ከዚያ በኋላ የሚሄድበት ነበረው። ዛሬ አንድ ካምፓኒ ብቻ ቢኖርና እንዲህ ቢያደርጉህ ሻንጣህን ይዘህ ወዴት ትሄዳለህ?

@የፒያሳው_ፋን ስለ ፐንክ ያልከው እውነት ነው፤ የቶኒ ካንን አያያዝ አልከላከልም። ግን ፐንክ 2014 ላይ ተቃጥሎ ከደብሊው ደብሊው ኢ ሲወጣ ሰባት ዓመት ከሬስሊንግ ርቆ ቆየ። ያስነሳው ማነው?

ሚሚ_ከሪያድ

ወንዶች ሰላም ናችሁ? ሁላችሁም ስለ ወንድ ብቻ ነው የምታወሩት 😄

እኔ ጋ ቤት ውስጥ የማዳም ልጆች ሮማን ሬንስ ሲሉ ያድራሉ። እኔ ደግሞ ሪያ ሪፕሊ ካልገባች ቡናዬን አላፈላም። እና የስታነር ሐሳብ ለሴቶቹ አይሠራም ልላችሁ ነው የገባሁት።

ፌብሩዋሪ 2015 ሩ ላይ አራት ሴቶች ገብተው ግጥሚያቸው በ30 ሰከንድ አለቀ። 30 ሰከንድ! ሕዝቡ በትዊተር ለቀናት ጮኸ። ያኔ ኤ ኢ ደብሊው የለም፣ ደብሊው ሲ ደብሊው የለም። ካምፓኒውን ያስገደደው ተመልካቹ ነው። ሌላም ነገር ነበር። ትንሹ ፕሮግራማቸው ኤን ኤክስ ቲ ላይ ሳሻ ባንክስ፣ ቤይሊ፣ ቤኪ ሊንችና ሻርሎት ፍሌር እንደ ወንዶቹ ጊዜ ተሰጥቷቸው ያሳዩ ነበር። በአራት ዓመቱ ቤኪ፣ ሻርሎትና ሮንዳ ራውዚ የዓመቱ ትልቁ ዝግጅት የሆነውን የሬስልማኒያን የመጨረሻ ዋና ግጥሚያ አደረጉ። ከሬስልማኒያ 35 በፊት ሴት እዚያ ቦታ ላይ ቆማ አታውቅም። ይሄ የመጣው በተቀናቃኝ ነው? አይደለም።

ስለዚህ ስለምኖርበት ሀገርም ልናገር፣ ሁሉም ሰው ስለሚያወራበት። 2018 ጅዳ ላይ ትልቁን ሮያል ረምብል ሲያደርጉ አንዲት ሴት ሪንግ አልገባችም። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሪያድ ላይ ያደረጉትን ጆን ሲናና ዳንኤል ብራያን ቀሩበት፤ ከጋዜጠኛው ካሾጊ ግድያ በኋላ ነበር። ካምፓኒው ግን መጣ። ብሩ ብዙ ነዋ። ኦክቶበር 31፣ 2019 ናታሊያና ሌሲ ኤቫንስ ገቡ። ከአንገት እስከ እግር ተሸፍነው፣ ከላይ ሰፊ ቲሸርት ደርበው። ግጥሚያው ራሱ ያን ያህል አልነበረም። ሲያልቅ ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ አልዋሽም። አሁን 2027 ላይ ሬስልማኒያ ራሱ ሪያድ ይመጣል ተብሏል። አሜሪካ ያሉት "ሬስልማኒያን ሸጡት" ይላሉ፣ ልክ ናቸው። እኔ ግን ካገኘሁ እገባለሁ። ሁለቱንም መሆን ይቻላል።

የፒያሳው_ፋን

ሚሚ ይመችሽ። ሳሚ ዜይንን ረሳሽው እንጂ። ቤተሰቡ ከሶሪያ ስለሆነ ለዓመታት ወደዚያ አልተወሰደም። 2023 ጅዳ ላይ ሲገባ ሕዝቡ የጮኸለት ጩኸት አይረሳኝም። በዓረብኛ ሲያናግራቸው አዳራሹ ሊፈርስ ነበር።

ስታነር_ከሸገር

@ሚሚ_ከሪያድ ጥሩ ምሳሌ ነው ያመጣሽው፤ ታሪኩን ግን ቀጥይበት። ሳሻ ባንክስ 2022 ላይ ተናዳ ቀበቶዋን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ወጣች። ጃፓን ሄደች። 2024 ኤ ኢ ደብሊው ገባች፣ መርሴዲስ ሞኔ ተብላ። ከዚያ ቀበቶ መሰብሰብ ሥራዋ አደረገችው። 2005 ላይ ብትሆን ኖሮ "ተናደድሽ? እንግዲያው ቤትሽ ተቀመጪ" ነበር የሚሏት።

ተመልካቹ ያስገድዳል ማለትሽ እውነት ነው። ግን በአራት ዓመት ነው ያስገደደው። ተቀናቃኝ ሲኖር በአራት ሳምንት ይሆናል።

ኮፊ_ለዘላለም

ስለ አፍሪካችን ማንም ሳያነሳ ክሩ ሊያልቅ ነው?

ኮፊ ኪንግስተን ጋና ነው የተወለደው። 2008 ሲመጣ "ከጃማይካ ነው" አሉት። እንደ ራስታ ዘዬ እያወራ ገባ። ጋና ብትሉ ምን ይቸግራል? ለ11 ዓመት ያጫፍር ነበር። ሌላው ኮከብ ሲጎዳ ይተካል፣ ሌላው ሲያሸንፍ ያጨበጭባል። 2019 ላይ ሌላ ሰው ተጎድቶ ሲተካ ሕዝቡ "ኮፊ! ኮፊ!" ማለት ጀመረ፣ አላቆመም። ሬስልማኒያ 35 ላይ ዳንኤል ብራያንን አሸንፎ የደብሊው ደብሊው ኢ ሻምፒዮን ሆነ። አፍሪካ ተወልዶ ያንን ቀበቶ የያዘ የመጀመሪያው ነው። ልጆቹ ሪንግ ውስጥ ገብተው ሲያቅፉት እዚህ ሰፈር ጮኸን።

ከዚያስ? ኦክቶበር 4፣ 2019፣ ስማክዳውን ፎክስ ቴሌቪዥን ላይ በጀመረበት ቀን፣ ብሮክ ሌስናር ከ10 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አንስቶ ዘረረው። አለቀ። ድጋሚ ግጥሚያ የለም፣ ታሪክ የለም። በሳምንቱ ኮፊ እየሳቀ ፓንኬክ እየወረወረ ነበር። ስድስት ወር ሻምፒዮን የነበረ ሰው! ኤ ኢ ደብሊው የመጀመሪያ ሳምንታዊ የቴሌቪዥን ፕሮግራሙን ያሳየው ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ስታነር፣ ተቀናቃኝ ኖሮም ኮፊን አልጠቀመውም። እንዲያውም አዲሱ ቻናል ታዋቂ ስም ስለፈለገ ነው የተሠዋው።

አሁን ተስፋዬ ናይጄሪያዊው ኦባ ፌሚ ላይ ነው። እሱን ደግሞ ከየት ነው ሳይሉ ከናይጄሪያ መሆኑን በኩራት ይጠሩታል። ይሄ እንኳ ተለውጧል።

ጋሽ_ሆገን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ኮፊ፣ ያችን የ10 ሰከንድ ነገር ባታስታውሰኝ ይሻል ነበር።

እንዳልረሳው፣ ዲሴምበር 13፣ 2025 እዚህ ዋሽንግተን የጆን ሲናን የመጨረሻ ግጥሚያ ከልጄ ጋር ገብተን አየን። እዚያ አካባቢ አማርኛ ሲወራ ስሰማ ዞር ብል የኛ ልጆች ናቸው፣ ቲሸርት ለብሰው፣ "አታየኝም" የሚለውን እጅ እያወዛወዙ። ሲና 17 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ለታመሙ ሕፃናት ከ650 በላይ ምኞት ያሟላ ሰው ነው። "ተስፋ አትቁረጥ" የሚለው መፈክሩ ቲሸርቱ ላይ ተጽፏል። ተጋጣሚው ጉንተር አንገቱን አንቆ ያዘው። ሲና ፈገግ አለና መታ መታ አደረገ። እጅ ሰጠ!

አዳራሹ መጀመሪያ ማመን አቃተው፣ ከዚያ ተቆጣ። ፕሮግራሙን የሚመራው ትሪፕል ኤች ሲወጣ የተጮኸበት ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ልጄ "አባዬ፣ አዲሱን ትልቅ ለማድረግ አሮጌው መሸነፍ አለበት፣ ደንቡ ነው" ይለኛል። ደንቡን አውቀዋለሁ። አንደርቴከር 21 ለ0 የነበረውን የሬስልማኒያ ሪከርዱን ኒው ኦርሊንስ ላይ ለሌስናር ሲያስረክብም ይሄንኑ ነበር የሚሉኝ። ሌስናር አዲስ ነበር? ግን ሲና ሲሸነፍ ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ሕዝቡ ምንም ቢጮህ የሚቀይረው ነገር እንደሌለ ካምፓኒው ያውቃል። ኔትፍሊክስ ለ10 ዓመት 5 ቢሊዮን ዶላር ፈርሟል። ቲኬቱ ሰማይ ነክቷል፣ ሪንጉ ምንጣፍ ላይ ሳይቀር ማስታወቂያ አለ። ብሩ ቀድሞ ገብቷል። ስታነር የሚለው በዚህ በኩል ይገባኛል።

ሉቻ_ሐዋሳ

ሁላችሁም ዓለም አሜሪካ ብቻ ይመስላችኋል።

ሜክሲኮ ውስጥ ሲ ኤም ኤል ኤል የሚባል ካምፓኒ አለ። 1933 ነው የተመሠረተው። በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ አንጋፋው እሱ ነው። አሬና ሜክሲኮ አርብ ማታ ሄዶ ማየት እዚያ ሀገር እንደ ባህል ነው። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ አንድ ላይ። ማስኩ ክብር ነው። ማስክህን ተወራርደህ ከተሸነፍክ ታወልቃለህ፣ ስምህን ለሕዝብ ትናገራለህ፣ ዳግመኛ አትለብሰውም። ታዋቂው ሬስለር ኤል ሳንቶ አብዛኛውን ዕድሜውን በማስክ ኖሮ በማስኩ ተቀበረ። ሬይ ሚስቴሪዮን እዚህ ሀገር የማያውቅ ልጅ የለም አይደል? የመጣው ከዚያ ዓለም ነው።

አሁን የስታነርን ሐሳብ የሚያጠናክር ነገር ልንገራችሁ። የሲ ኤም ኤል ኤል ባላንጣ የሆነው ትሪፕል ኤ 1992 ነው የተመሠረተው። 2025 ላይ ማን ገዛው? ደብሊው ደብሊው ኢ። ሲ ኤም ኤል ኤል ደግሞ ከኤ ኢ ደብሊው ጋር ተጠጋ፤ በዚያው ዓመት በጁን አሬና ሜክሲኮ ውስጥ አንድ ላይ ፕሮግራም ሠሩ። ያ የአሜሪካኖቹ ጦርነት ሜክሲኮ ሲቲ ገብቷል ማለት ነው። ጃፓንም እንዲሁ፤ ኒው ጃፓን የሚባለው ካምፓኒ ያሳደጋቸውን ኦካዳንና ኬኒ ኦሜጋን ኤ ኢ ደብሊው ወስዷቸዋል። ስለዚህ ለትንንሾቹ ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉም ጥሩ አይደለም።

አወያይ

@ነቄ_ነኝ ሦስተኛውን "ፌክ ነው" አጥፍቼዋለሁ። ሌላ ሐሳብ ካለህ ጻፍ። የቀራችሁት ቀጥሉ፣ እንዲህ በጨዋነት ስትከራከሩ ደስ ይላል።

ስታነር_ከሸገር

ሉቻ፣ ያልከው ልክ ነው፤ ሜክሲኮ ላይ የሚሆነው እኔንም ያሳስበኛል።

ግን አንድ የቅርብ ጊዜ ነገር ላንሳ። ሴፕቴምበር 20፣ 2025 ደብሊው ደብሊው ኢ በኢ ኤስ ፒ ኤን የመጀመሪያውን ትልቅ ፕሮግራም ሲያቀርብ፣ ኤ ኢ ደብሊው በዚያው ቀን ቶሮንቶ ላይ ፕሮግራም እንዳለው እያወቀ ነው። ኤ ኢ ደብሊው ሰዓቱን ወደ ቀን ለማምጣት ተገደደ። ያ ግዙፍ ካምፓኒ የማይፈራው ሰው ቢሆን ኖሮ ለምን በዚያ ቀን? ይፈራል። ይሄ ደስ ይለኛል። ለኮፊ ያልደረሰ ጥቅም ለሚቀጥለው ሊደርስ የሚችለው በዚህ ፍርሃት ነው። ኮንትራቱ ሊያልቅ የደረሰ ልጅ አሁን ቁጭ ብሎ "ሌላኛው ቤት ይሄን ያህል ሰጥቶኛል" ማለት ይችላል። ለዚያ ልጅ የቶኒ ካን ፕሮግራም ቀሽም ሆነ አሪፍ ሆነ ምኑም አይደለም።

አዲስ_ገቢ12

ይቅርታ ጥያቄ አለኝ። እኔ ያየሁት ሁሉ ቲክቶክ ላይ የተቆራረጠ ነው። አንድ ሙሉ ግጥሚያ ልይ ብል ከየት ልጀምር?

ጋሽ_ሆገን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ልጄ፣ ብሬት ሃርትና ስቲቭ ኦስቲን፣ ሬስልማኒያ 13፣ ማርች 1997። ኦስቲን ወንበዴ ሆኖ ይገባል፣ ብሬት አክተር። ኦስቲን ፊቱ በደም ተሸፍኖ እግሩን ተይዞ እጅ አልሰጥም ብሎ ራሱን ይስታል። ብሬት ከዚያም በኋላ መምታቱን አያቆምም። ሲያልቅ ሕዝቡ ለኦስቲን ያጨበጭባል፣ ብሬት ላይ ይጮሃል። በአንድ ግጥሚያ ቦታ ተቀያየሩ። ድምፁን ከፍ አድርገህ እይ።

ሚሚ_ከሪያድ

ጋሼ እሱማ አለ፤ ግን ደም ለጀማሪ ይከብዳል። እኔ ቤይሊና ሳሻ ባንክስ፣ ብሩክሊን፣ ኦገስት 2015 እለዋለሁ። ሳሻ ቤይሊን እጇን እየረገጠች ታሠቃያታለች፣ ቤይሊ ደግሞ እየተነሳች ትመጣለች። ቋንቋ ምናምን አያስፈልግህም፣ ማን ማንን እንደሚጠላ ከሁለተኛው ደቂቃ ጀምሮ ይገባሃል። ካየህ በኋላ ተመልሰህ የማን ደጋፊ እንደሆንክ ንገረን፣ እዚህ ቤት ሳሻ ትበልጣለች የሚሉ አሉና ሰው ያስፈልገኛል።